«የዝግጅት ጨዋታ ብቻ ነው» የሚሉት ማምለጫ

ክረምቱ ገብቶ የኢትዮጵያ ክለቦች ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ ሲከትሙ ከዝውውር ወሬ እኩል የሚዞር አንድ አባባል አለ። «የዝግጅት ጨዋታ ውጤት ዋጋ የለውም» ይባላል። አሰልጣኙ ሲሸነፍ ይለዋል። ሲያሸንፍም ትሑት ለመምሰል ይደግመዋል። የስፖርት ጋዜጠኛው ከአሰልጣኙ አፍ ተቀብሎ ያስተጋባዋል። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ገፋ አድርጎ፣ ዋጋ የሌለውን ጨዋታ ደጋፊ ምን ሊያደርግለት ያያል ብሎ በሩን ይዘጋል። አባባሉ ከመለመዱ የተነሣ ደጋፊው ራሱ አምኖት፣ ቡድኑ በነሐሴ ስንት ጨዋታ እንዳደረገ፣ ከማን ጋርና የት እንዳደረገ ሳያውቅ መስከረምን ይቀበላል።

ልማዱ ግን ለክለብ ቢሮዎች እንጂ ለእግር ኳሱ አይበጅም። ለደጋፊው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ አይበጅም።

በመጀመሪያ ለአባባሉ የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። ውጤቱ ትንቢት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት ማንቸስተር ዩናይትድ በሉዊ ቫን ኻል እየተመራ አሜሪካን ሲዞር ሎስ አንጀለስ ጋላክሲን 7 ለ 0 ረታ፤ በሚሺጋን ስታዲየም በ109,318 ተመልካች ፊት ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1 አሸነፈ። የፈርጉሰን ዘመን ተመለሰ ያለው ደጋፊ ብዙ ነበር። ሊጉ ሲጀመር ግን ያው ቡድን በገዛ ሜዳው በስዋንሲ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ተቃራኒውም አለ። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት በዶርትሙንድ ተሸነፈ፣ በሲቪያ ተሸነፈ፣ በናፖሊም 3 ለ 0 ተሸነፈ። ዓመቱን የጨረሰው በ99 ነጥብ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኖ ነው። ስለዚህ በነሐሴ የገባ ጎል ቆጥሮ የሰኔን ዋንጫ የሚያድል ደጋፊ ካለ ይስታል። እዚህ ድረስ ከአሰልጣኞቹ ጋር ጠብ የለም።

ጠቡ ያለው «ውጤቱ አይተነብይም» ከሚለው ተነሥቶ በአንድ ዝላይ «ስለዚህ ጨዋታው ለደጋፊ አይረባም» የሚለው ድምዳሜ ላይ ነው። ሁለቱን ምንም ክር አያገናኛቸውም። ባየርን ሙኒክ ለዝግጅት ወደ ቴገርንዜ ሐይቅ ሲሄድ ሮታኽ ኤገርን የተባለውን የአካባቢውን አማተር ቡድን በተደጋጋሚ ገጥሟል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ 23 ለ 0 ነበር፤ በ2023 ደግሞ 27 ለ 0። ከዚህ የበለጠ ትርጉም የሌለው ውጤት ሊኖር አይችልም። ጨዋታው ግን ትርጉም አለው። የዚያ አካባቢ ልጅ በቴሌቪዥን የሚያያቸውን ሰዎች በሰፈሩ ሜዳ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ላባቸው እየታየው ይመለከታል። ባየርኖች 27 ጎል ለማግባት ሲሉ እዚያ ድረስ አይሄዱም። ክለብ ደጋፊውን የሚያገኝበት ጊዜ እንደሚያስፈልገው ስለገባቸው ነው።

ጀርመን ሩቅ ነው፣ ገንዘባቸውም ሌላ ነው የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ወደ ዳሬሰላም እንውረድ።

የታንዛኒያው ሲምባ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በነሐሴ መጀመሪያ «የሲምባ ቀን» የሚባል በዓል ያከብራል። የቅድመ ውድድር ጨዋታ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ነገር ግን አዳዲስ ፈራሚዎች አንድ በአንድ በስማቸው እየተጠሩ ወደ ሜዳ ይገባሉ፣ የዓመቱ መለያ ይመረቃል፣ ዘፋኞች መድረክ ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ከውጭ የተጋበዘ ክለብ ይገጥማቸዋል። 60,000 ሰው የሚይዘው የቤንጃሚን ምካፓ ስታዲየም ቀይና ነጭ በለበሰ ሕዝብ ይሞላል። ባላንጣው ያንጋም የራሱ ዝግጅት አለው፤ እርሱም አረንጓዴና ቢጫ የለበሰውን ደጋፊውን ያንኑ ሜዳ ያስሞላል።

ነሐሴ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የሲምባ ተጋባዥ ማን ነበር? ቅዱስ ጊዮርጊስ። የዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ፈረሰኞቹ ዳሬሰላም ሄደው በሲምባ ቀን ተጫወቱና 2 ለ 0 ተሸነፉ። ሽንፈቱ ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ የአዲስ አበባው ክለብ ከነበሩት የዝግጅት ጨዋታዎች ትልቁን ያደረገው የሌላ ሀገር ደጋፊ ትኬት ገዝቶ በሞላው ስታዲየም ነው። ለሲምባ ደጋፊ በዓል የሆነው ጨዋታ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ በስልክ የሚነበብ የውጤት ዜና ሆኖ ቀረ። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ቀኑና ሜዳውም አንድ ነው። አንዱ ክለብ ይህን ቀን ለደጋፊው አዋለው፣ ሌላው ለአሰልጣኙ ማስታወሻ ደብተር።

ያንጋ ከሲምባ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ስታዲየም የኡጋንዳውን ቫይፐርስ ጋብዞ፣ በገዛ ደጋፊው ፊት 2 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። እንደ እኛ ሀገር ሥራ አስኪያጆች አስተሳሰብ ቢሆን በቀጣዩ ዓመት በሩ መዘጋት ነበረበት፤ «ደጋፊው ተስፋ ቆረጠ፣ ጫና መጣ» ተብሎ። ያንጋ ያን ዓመት የሊጉንም የሀገሩን ዋንጫም ወሰደ፣ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫም እስከ ፍጻሜ ደረሰ። በዓሉም ቀጠለ። በእርግጥ እነዚህ ክለቦች በገንዘብ ዛሬ ከእኛዎቹ ርቀዋል። ነገር ግን ያንጋ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሲምባ በ1936 ነው የተመሠረቱት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም.። ሦስቱ እኩዮች ናቸው። ልምድ ስለሌለን ነው ማለት አያስኬድም።

የዝግጅት ጨዋታ ለኢትዮጵያ ደጋፊ ከታንዛኒያውም ሆነ ከጀርመኑ የበለጠ የሚያስፈልግበት ምክንያት ደግሞ አለ፤ ይህም ስለ ጉዳዩ ሲወራ ጨርሶ የማይነሣ ነው።

የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ምክንያት ተቋርጦ ያለ ሻምፒዮን ቀረ። በ2013 ሊጉ የተመለሰው በሌላ መልክ ነው። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር 22.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ነበረው። ወረርሽኙም፣ የስርጭቱ መሣሪያም፣ የፀጥታው ጉዳይም ተደማምረው ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ለሳምንታት ከተጫወቱ በኋላ ወደ ቀጣዩ ከተማ የሚጓዙበት አሠራር መጣ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተረኛ ሆኑ፤ ቆይቶ አዳማ ተጨመረች። ለወረርሽኝ ዘመን የመጣው አሠራር ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ለዓመታት ቀጠለ።

ለቴሌቪዥኑ ሰመረ። ለተጫዋቾች ደመወዝም ሳይረዳ አልቀረም። «በሜዳው» እና «ከሜዳው ውጪ» የሚሉት ቃላት ግን ባዶ ቀሩ። የወላይታ ድቻ ደጋፊ ቡድኑን ለማየት ከሶዶ ተነሥቶ ሐዋሳ ወይም አዳማ መውረድ አለበት። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም በካታንጋና በሚስማር ተራ ያደገው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በእግሩ ወደ ስታዲየም መውጣት የለመደው ሰው፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የሚደረገውን የሸገር ደርቢ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሄዶ ካላየ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ይመለከታል። የትግራይ ክለቦች ከጦርነቱ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ሲመለሱ የመቀሌ ደጋፊ ደስ አለው። ቡድኑ ግን የሊግ ጨዋታውን የሚያደርገው ከመቀሌ ርቆ ነበር።

እንግዲህ የከተማው ክለብ በከተማው ለመታየት የቀረው ጊዜ የትኛው ነው? ከሊጉ በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። የሊግ አደራጅ፣ የቴሌቪዥን መርሐ ግብርና የተረኛ ከተማ ውል የማይገባበት፣ ክለቡ ሜዳውንም ቀኑንም ተጋጣሚውንም በራሱ ፈቃድ የሚመርጥበት ብቸኛ ወቅት ነው። ክለቡ ሙሉ ሥልጣን ያለው በዚህ ጊዜ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ለደጋፊው በሩን የሚዘጋው በዚሁ ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ታሪክ አላት። የከተማዋ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀው የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ ከአሥር ጊዜ በላይ ተካሂዷል፤ ክለቦች ከሊጉ በፊት የሚፈተሹበት፣ ደጋፊውም አዲሱን ቡድን የሚያይበት መድረክ ነበር። በባሕር ዳር የጣና ዋንጫ፣ በደቡብም ተመሳሳይ ውድድሮች ታይተዋል። በእነዚህ ውድድሮች ላይ የሚሰነዘረው ትችት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አሰልጣኞች ቋሚ አሰላለፋቸውን አያስገቡም፣ ውድድሩ አቋም አይለካም»። እውነት ነው፣ አያስገቡም። ለዚህ መፍትሔው ግን ውድድሩን ማጠናከር እንጂ ደጋፊውን ከጨዋታው ማስወጣት አይደለም። በዓመቱ መጀመሪያ ለቡድናቸው ሊዘምሩ የመጡ ሰዎች ተቀያሪ ቡድን ቢገባ እንኳ ዘመሩ እንጂ ትኬታችን ይመለስ አላሉም።

በሩን የሚዘጉት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። አንዳንዱ በአንድ ትንፋሽ የሚፈርስ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው የስለላው ነው። «ታክቲካችን ይወጣል» ይላሉ። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ገብቶ በዝግ ሜዳ የአቋም መለኪያ ጨዋታ ሲያደርግ ተጋጣሚው ብዙውን ጊዜ ማን ነው? እዚያው አካባቢ የከተመ ሌላ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለነጥብ የሚገጥመው ያው ቡድን አሰልጣኙንም ረዳቱንም ተንታኙንም ይዞ ከሜዳው ዳር ቆሞ ያያል። ታክቲኩ ለባላንጣ ክፍት ነው፤ የተዘጋው ለደጋፊ ብቻ ነው። ሊጉ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ቡድኖች በአንድ ከተማ ከትመው በየተራ በአንድ ሜዳ ይለማመዳሉ፣ ጨዋታቸውም በቴሌቪዥን ይተላለፋል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ምስጢር አለን ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ጉዳት የሚለውም ብዙ አያራምድም። ተጫዋች በዝግ ሜዳም ይጎዳል፣ በልምምድም ይጎዳል። ጡንቻ ተመልካች መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም።

ትንሽ ክብደት ያለው ሦስተኛው ነው። ደጋፊ ቸኩሎ ይፈርዳል፣ ገና ያልተዋሐደ ቡድን አይቶ አሰልጣኙን ያማርራል ይባላል። ይህ ይሆናል፤ አልፎ አልፎም ሆኗል። ግን ደጋፊው ሳያይ ሲቀር መፍረዱን ያቆማል እንዴ? በዝግ ሜዳ የተደረገ ጨዋታ ማታውኑ በፌስቡክና በቴሌግራም ይወጣል። የሚወጣው «3 ለ 0 ተሸነፈ» የሚል አንድ መስመር ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ከ20 ዓመት በታች ቡድን የመጡ ታዳጊዎች እንደገቡ አይጻፍም። ግብ ጠባቂው ለሙከራ የመጣ እንደነበረ፣ ቡድኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሮጦ ከሰዓት እንደተጫወተም አይጻፍም። በዓይኑ ያየ ደጋፊ ይህን ሁሉ ያመዛዝናል። ያላየው በአንዲቷ መስመር ላይ የራሱን ልብ ወለድ ይሠራባታል። ክለቡ ከቸኮለ ፍርድ ለመዳን ብሎ የዘጋው በር ለበለጠ የቸኮለ ፍርድ ይዳርገዋል።

አራተኛው የፀጥታ ጉዳይ ነው፤ ይህ በቀልድ አይታለፍም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ስታዲየሞች የብሔር ጠብ መወጫ እስከ መሆን ደርሰው አንዳንድ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ እንዲዛወሩ ተደርጎ ነበር። ዛሬም በአማራ ክልል ካለው ግጭት የተነሣ የጎንደርና የባሕር ዳር ክለቦች ስለ ሜዳ ሲያስቡ ከእነርሱ ፈቃድ በላይ የሆኑ ነገሮች አሉ። የጎንደሮቹን ዐፄዎች ወይም የባሕር ዳሮቹን የጣና ሞገዶች ለምን በከተማችሁ አትጫወቱም ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት የሁሉም መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በሶዶ ወይም በድሬዳዋ ሁለት ሦስት ሺህ ሰው የሚገባበት የቅድመ ውድድር ጨዋታ ፖሊስን የሚያስጨንቅ አይደለም። እንዲያውም ለጠብ የሚዳርገው ብዙውን ጊዜ የነጥብ ጉጉት ነው፤ ነጥብ የሌለበት ጨዋታ ስታዲየምን እንደገና ከቤተሰብ ጋር ለማለማመድ ከሁሉ ይመቻል።

ሌላው በአባባሉ ውስጥ ያለው ጉድለት ከአህጉሩ መርሐ ግብር ጋር አለመስማማቱ ነው። የካፍ የክለቦች ውድድር ቅድመ ማጣሪያ የሚጀመረው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ የእኛ ሊግ ደግሞ በመስከረም ማብቂያ አካባቢ። ይህ ማለት የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ከዓመቱ ጨዋታዎች ሁሉ የሚከብደውን የሚጫወተው በዝግጅት ወቅት ላይ ነው። «ዝግጅት ብቻ ነው» የሚባለው ጊዜ ለእርሱ ዋናው ፈተና ነው።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን እንውሰድ። ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በተመለሰበት ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆኖ ሀገሩን ያስደነቀ ቡድን ነው። የኡጋንዳውን ኤስሲ ቪላን አለፈና ከያንጋ ጋር ተገናኘ። መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በአበበ ቢቂላ ስታዲየም 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከሳምንት በኋላ ዛንዚባር ላይ 6 ለ 0። ያንጋ እዚያ ሜዳ ከመግባቱ በፊት በክረምቱ ምን ሲያደርግ ቆየ? ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከጀርመኑ አውግስበርግ ጋር ተጫወተ፤ ተሸነፈም። ካይዘር ቺፍስን 4 ለ 0 ረታ። ተመልሶ በደጋፊዎቹ ፊት የዛምቢያውን ሬድ አሮውስን ገጠመ። ከዚያ በሀገሩ የዓመቱ መክፈቻ ዋንጫ ሲምባንና አዛምን አሸነፈ። ንግድ ባንክን ያገኘው በጩኸት፣ በጫና፣ በሽንፈትና በድል ተፈትኖ ነው።

ልዩነቱን ሁሉ በዝግጅት ጨዋታ ማሳበብ አይቻልም። የያንጋ የተጫዋች ግዢ አቅም ሌላ ነው፤ ስድስት ጎል በአንድ ምክንያት አይቆጠርም። ነገር ግን በሞላ ስታዲየም ፊት ያልተፈተነ ቡድን የመጀመሪያውን እውነተኛ ጩኸት በአህጉራዊ ማጣሪያ ላይ ሲሰማ የሚፈጠረውን መደንገጥ በዝግ ሜዳ ማስተካከል አይቻልም። ከዚያ በፊት በነበረው የ2015 ዓ.ም. መባቻ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የሲምባን ቀን ጩኸት ቀምሶ የተመለሰው ቡድን፣ የሱዳኑን አል ሂላልን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ በመልሱ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ነው የወደቀው። አንድ ምሳሌ ደንብ አያወጣም፤ ጨዋታው ዋጋ የለውም ለሚለው ግን መልስ ይሆናል።

በዝግጅት ጨዋታ ላይ የሚታይ ምን አለ የሚሉ ደግሞ አሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2003 ማንቸስተር ዩናይትድ ሊዝበን ላይ የስፖርቲንግን አዲስ ስታዲየም ለማስመረቅ የዝግጅት ጨዋታ አደረገና 3 ለ 1 ተሸነፈ። የዩናይትድ ተከላካዮችን ያን ምሽት ያንገላታው የ18 ዓመት ልጅ ከጥቂት ቀናት በኋላ በ12.24 ሚሊዮን ፓውንድ ፈረመ፤ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነው። ያን ጨዋታ በስታዲየም የተመለከተ የስፖርቲንግ ደጋፊ ዛሬም ለልጅ ልጁ ሲያወራው ይኖራል። ውጤቱን ግን ብዙው ሰው ረስቶታል።

የእኛ ደጋፊ ሮናልዶን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ከዚያ ያነሰ፣ ለእርሱ ግን የበለጠ ነገር ነው። ብዙው የሀገራችን ተጫዋች ከአንድና ከሁለት ዓመት የማያልፍ ውል ይዞ ስለሚዘዋወር ቡድኑ በየክረምቱ ግማሽ በግማሽ ይቀየራል። ደጋፊው ሊጉ ሲጀመር የሚያየው አዲስ ሰዎች ለብሰውት የመጡትን የድሮ መለያ ነው። አዲሱ የግራ ተከላካይ ወደ ፊት ሲወጣ ቦታውን ማን ይሸፍንለታል? አማካዩ ኳስ ሲነጠቅ ይመለሳል ወይስ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል? ካለፈው ዓመት ታዳጊ ቡድን የወጣው ልጅ ሰላሳ ደቂቃ ሲሰጠው ምን አደረገ? ቅያሪ ያለ ገደብ የሚደረገው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው፤ ታዳጊው ከአንጋፋው ጎን ተሰልፎ የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው። ሊጉ አንዴ ከተጀመረ አሰልጣኙ ለነጥብ ሲል ያን ልጅ እስከ ሚያዝያ ድረስ ከተቀያሪ ወንበር ላያስነሣው ይችላል። ደጋፊው በመስከረም አይቶት ከሆነ ግን በኅዳር ስሙን እየጠራ «ይግባ!» ይላል። አሰልጣኞች ይህን ጩኸት ባይወዱትም ብዙ ተጫዋች ወደ ሜዳ የገባው በእርሱ ነው።

የነገሩ ምፀት ደግሞ አለ። በየክረምቱ አርሰናል፣ ቼልሲና ማንቸስተር ዩናይትድ አሜሪካ ወይም እስያ ሄደው የዝግጅት ጨዋታ ሲያደርጉ የአዲስ አበባ፣ የአዳማና የደሴ ወጣት እንቅልፉን አጥቶ ያያል። በማግስቱ የኢትዮጵያ ሬዲዮዎች የአዲሱን ፈራሚ አቋም ለአንድ ሰዓት ይተነትናሉ። ያው የሬዲዮ ጣቢያ በዚያው ሳምንት ከስቱዲዮው ብዙም በማይርቅ ሜዳ ስለተደረገ የከተማው ክለብ ጨዋታ ሲናገር «የዝግጅት ጨዋታ ስለሆነ ብዙ አያነጋግርም» ይላል። የእንግሊዞቹ የዝግጅት ጨዋታ ያነጋግራል፤ የሰፈሩ አያነጋግርም። በዚህ አያያዝ ለሀገር ውስጥ ክለብ ደጋፊ ጠፋ ብሎ ማማረር የማን ጥፋት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገንዘቡም ይነሣ። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደሮች ወይም ከመንግሥት ተቋማት በሚመደብላቸው በጀት ነው። ይህ የከተማው ነዋሪ ገንዘብ ነው። በየዓመቱ ክለቦች የበጀት እጥረት አለብን ይላሉ፣ ተጫዋቾች ደመወዝ ዘገየብን ብለው ልምምድ ያቆማሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ስፖንሰር ጠፋ ይላል። ስፖንሰር የሚመጣው ዓርማው ለሰው በሚታይበት ቦታ ነው። የሲምባ ቀን የመለያ መሸጫ፣ የስፖንሰር ማስተዋወቂያና የትኬት ገቢ ማግኛ ነው። ከበዓሉ ጀርባ የንግድ ስሌት አለ። ባዶ ሜዳ ላይ የተደረገ ጨዋታ ግን ለአውቶቡሱ ነዳጅ እንኳ አይከፍልም። በሕዝብ ገንዘብ የተቀጠረ ቡድን በሕዝቡ ፊት ለመጫወት ምክንያት ሊጠየቅ አይገባም፤ ምክንያት ማቅረብ ያለበት በሩን የሚዘጋው ነው።

ማንም ክለብ ሁሉንም የዝግጅት ጨዋታ ክፍት አድርግ አልተባለም። አሰልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለብቻው ቢፈልግ መብቱ ነው። ሰውነት ሳይፈታ፣ አሰላለፍ ሳይያዝ የሚደረግ ልምምድ መሰል ጨዋታ ለተመልካችም አይጥምም። ግን ከካምፕ ሲመለስ ሊጉ ወደሚጀመርበት ከተማ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በከተማው፣ በቀን፣ በዋጋው ቀላል በሆነ ትኬት፣ አዲሶቹን ልጆች በስማቸው አስተዋውቆ፣ ጠንካራ ተጋጣሚ ጠርቶ መጫወት ይቻላል። የአዲስ አበባ ፌዴሬሽንም የከተማውን ዋንጫ ለክለቦች ጊዜ እንደሚገኝ እንደማይገኝ እያየ የሚያዘጋጀው ሳይሆን ቀኑ በሐምሌ የሚታወቅ፣ ክለቦችም የመጀመሪያ አሰላለፋቸውን ለማስገባት የሚፈርሙበት ውድድር ሊያደርገው ይገባል። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በበኩሉ የተረኛ ከተሞችን መርሐ ግብር ሲያወጣ ከሊጉ በፊት ያለችውን አንዷን ሳምንት ለክለቦች በየከተማቸው ይተውላቸው።

የደጋፊ ማኅበራት እስካሁን የታገሉት ለአውቶቡስ ኪራይ፣ ለመለያና ለዳኝነት ቅሬታ ነው። በዚህ ክረምት ሁሉም ለየክለባቸው ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። «የዝግጅት ጨዋታ ብቻ ነው» የሚለውን መልስ ሳይቀበሉ፣ ቡድናችን ሊጉ ሳይጀመር በከተማችን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሜዳ፣ ከማን ጋር ይጫወታል ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።